ከአባቴ ቀጥሎ

የሰደበችኝ ዴኦሊንዳ ናት። የሳን ሁዋን በዓል እሳት በተዘለለ ማግሥት፣ በሰኔ፣ ውርጩ የዬርባውን ቅጠል ነጭ አድርጎት ባደረበት ጧት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ እሳት ዳር ክብ ሠርተው በተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ፊት ነው የሰደበችኝ። እነማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ በአቀማመጣቸው ተራ ልናገር እችላለሁ። ማን እንደሳቀ፣ ማን እንዳልሳቀም አልረሳሁም። ሁሉም ሳቁ። ያልሳቁት አባቴና የቅጠል ማድረቂያውን ምድጃ የሚጠብቀው ፓንታሌዮን ብቻ ናቸው።

«ጡት ያልጠገበ አፍ በዚህ ቅል አይጠጣም» አለችኝ። «ሂድና ከቡችሎቹ ጋር ላስ።»

እናቴ የሞተችው እኔን ስትወልድ ነው። የጡት ነገር ከእኔ ጋር የማይነሳ ነገር ነበር። ይህን ደግሞ ከዴኦሊንዳ አስበልጦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እናቴን የገነዘች እሷ፣ እኔን ክርስትና ያነሳች እሷ። ለአባቴ አበልጁ ናት። ሰው የክርስትና ልጁን እንዲህ ይለዋል? ይህን ጥያቄ በየደረስኩበት ለብዙ ሰው አቅርቤዋለሁ። አይልም ያለኝ እንጂ ይላል ያለኝ አላጋጠመኝም።

ያን ቀን እዚያ ክብ ውስጥ የተቀመጥኩት ሰርቄ አልነበረም። እኛ ዬርባ ለቃሚዎች ዘንድ ልጅ ማቴውን፣ የዬርባውን መራራ ሻይ፣ የሚጠጣው በወተት ነው፣ ከሴቶች ጋር፣ ጓዳ ውስጥ። ከወንዶቹ ጋር የሚቀመጠው ከአሮጌ ጆንያ የተሰፋውን ሰፊ አንሶላ ብቻውን ቅጠል የሞላ ቀን ነው። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ሞላሁት። አባቴ ቅርንጫፉን በመቀስ እየቆረጠ ይጥልልኛል፣ እኔ በእጄ እየሰበርኩ፣ ወፍራሙን እንጨት እየለየሁ አንሶላው ላይ እከምራለሁ። መዳፌ ተልጦ ነበር። ሲመሽ አራቱን ጫፍ አቋልፈን ስናስር ካቦው ዶን ኤርሚንዶ በፈረሱ መጣና ክምሩን በአለንጋው እጀታ ነካ ነካ አደረገው። ይሄ የማን ነው አለ። አባቴ የልጁ ነው ሲለው፣ ነገ ከሰዎቹ ጋር ይቀመጣ አለና ሄደ። ካቦው በራሱ አፍ የተናገረው ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ማለዳ ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን አርጥቤ መጣሁ።

ዴኦሊንዳ ለሰፈሩ ምግብ ታበስላለች፣ ማቴም የምትቀዳው እሷ ናት። ቅሉን በዬርባ ሞላች፤ አፉን በመዳፏ ከድና ነቀነቀች፤ መዳፏ ላይ የቀረውን ብናኝ እፍ አለችው። ዘንበል አድርጋ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አደረገችበትና የብረት መምጠጫውን ሰካችው። የመጀመሪያውን ራሷ ጠጣች፤ የመጀመሪያው አቧራና ምሬት ስለሆነ የቀጂ ድርሻ ነው። ፊቷን ጨምድዳ እሳቱ ላይ ተፋችው። ከዚያ ከማንቆርቆሪያው ሞልታ ለሽማግሌው ለዶን ሊሳንድሮ ሰጠች። እሱ መምጠጫው እስኪያንኮራፋ ድረስ ስቦ መለሰላት። እንደገና ሞላች፣ ለሚቀጥለው ሰጠች። እንዲህ እያለ በአንድ ቅል፣ በአንድ መምጠጫ፣ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። ተራ አይዘለልም። መምጠጫውን የሚያማስል ሰው ይነወራል። የበቃው ሰው አመሰግናለሁ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ አይሰጠውም።

አባቴ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የሚቀመጠው፣ እንጨት ክምሩ ጥግ፣ ጭሱ በሚመጣበት በኩል። ከወንዙ ማዶ፣ ከፓራጓይ የመጣ ሰው ስለሆነ ገፍተው ጥግ ያስቀመጡት ይመስለኝ ነበር። በዚህም በሆዴ እበግን ነበር። አሁን ሳስበው ማንም አልገፋውም። ቦታውን የመረጠው ራሱ ነው።

ልጅ ደግሞ ከሁሉ መጨረሻ ስለሆነ ከአባቴ ቀጥዬ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ።

ተራው እየዞረ መጣ። ቅሉ አባቴ ጋ ደረሰ። አባቴ ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጠጣው። ሲጨርስ መለሰላት። እኔ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ዴኦሊንዳ እጄን አየችው። ቅሉን ግን አልሞላችውም፤ መምጠጫውን መዝዛ ያረጀውን ዬርባ አመዱ ላይ ደፋችውና እንደ አዲስ ታዘጋጅ ጀመር። ለእኔ ክብር ብላ መሰለኝ። ትኩሱን የምትሰጠኝ መሰለኝ። አዘጋጅታ ጨረሰች፣ የመጀመሪያውን ጠጣች፣ ሞላችና በጭንቅላቴ ላይ አሻግራ ለዶን ሊሳንድሮ ሰጠችው።

«እኔስ?» አልኩ።

ያኔ ነው ያን ቃል የተናገረችው።

ወደ አባቴ ዞርኩ። አባት ያለው ልጅ እንዲህ ሲባል አባቱ ምን ይላል? አባቴ ጫማውን አየ። እጁን ወደ ጭንቅላቴ አነሳና ሳይነካኝ መለሰው። ተነስቼ ወደ እንጨት ክምሩ ጀርባ ሄድኩ፤ ቡችሎቹ እውነትም እዚያ ነበሩ፣ እላዬ ላይ ወጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴኦሊንዳን መጠበቅ ጀመርኩ። የተበደለ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል የማያውቅ ያልተበደለ ነው። በየማለዳው እንጨት ክምሩ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ እጇን አያለሁ። ሰዎቹ ለእሷ አንድ ቀልድ ነበራቸው፤ የዴኦሊንዳ መምጠጫ እንደ አሮጊት አፍንጫ ሁልጊዜ ይደፈናል ይሏት ነበር። እውነትም ይደፈን ነበር። ትመዘውና ተደፍኗል እያለች ጫፉን ፍሙ ውስጥ ትሰካዋለች፣ ብረቱ እስኪግል ትይዘዋለች፣ ውሃ አፍስሳበት ሽው ሲል በሽርጧ ትጠርገዋለች። ዬርባውንም ትቀይራለች። ዶን ሊሳንድሮ በየጊዜው ቅጠል ታባክናለች ብሎ ያጉረመርማል። እሷም፣ «የእርስዎን ማቴ እንደ እርስዎ እስኪገረጣ ላጠጣዎት ነው?» ትለዋለች፤ ይሳቃል፤ ነገሩ ያልፋል።

እነሱ ፊታቸው ወደ እሳቱ ነው፣ ወሬያቸው ላይ ናቸው። እኔ ግን ከጀርባ ነኝና አንድ ነገር አየሁ። መምጠጫው የሚደፈነው አባቴ ከጠጣ በኋላ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ አይደፈንም።

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አባቴን ትጸየፈዋለች። የእሱ አፍ የነካውን ካላቃጠለች ወደ አፏ አታስጠጋም። እኔን ከቡችላ የቆጠረችኝም የእሱ ልጅ ስለሆንኩ ነው።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ እኔ ራሴ ጢም አውጥቼ ሌላ እርሻ ላይ ለቃሚ ሆኜ ሳለሁ፣ አንዲት የጤና ሠራተኛ ነጭ ጋዋን ለብሳ ወደ ሰፈራችን መጣች። እሳት ዳር ሰብስባን ስለ ሳንባ በሽታ አስተማረችን። በቤታችሁ የታመመ ካለ ቅሉንና መምጠጫውን ለይታችሁ ስጡት፣ መለየት ካልቻላችሁ ከእሱ በኋላ ብረቱን እሳት ውስጥ ክተቱት አለች። ሰዎቹ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። እኔ ተነስቼ ከዛፍ ጀርባ ሄድኩ። ዛሬ ደግሞ ሐኪሞቹ በሽታው የሚሄደው ከምራቅ ይልቅ በትንፋሽ ነው ይላሉ። እሱን ዴኦሊንዳ አታውቅም ነበር። የምታውቀውን ያህል ነው የጠበቀችን።

አባቴ ያስለው ነበር፤ ግን እዚያ የማያስለው ማን ነበር? የማድረቂያው ምድጃ ጭስ ሁሉንም ያስለው ነበር። ቀይ ሻሽ ከእጁ አይለይም፤ ቀይ የሚወድ ይመስለኝ ነበር። በእሱና በእኔ መኝታ መካከል ጆንያ ሰቅሎ ጋረደ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ድሮ ጭንቅላቴን ይዳብሰኝ ነበር፣ ተወ። ይህን ሁሉ በዴኦሊንዳ ላይ አስመዘገብኩት። ከእኔ ያራቀችው እሷ ናት አልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ድስት ስታጥብ አባቴ አጠገቧ ተቀምጦ አየኋቸው። ቀርከሃው ውስጥ ተደብቄ አዳመጥኩ።

«እስከ መስከረም ብቻ፣ አበልጄ» ይላታል አባቴ። «ለቀማው እስኪያልቅ ብቻ ቻይኝ።»

«ከዚያ በፊት ቢያውቁስ?»

«ካልተናገርሽ ማን ያውቃል?»

«ፓንታሌዮን ያውቃል። ምድጃው ላይ ወድቀህ ያነሳህ ቀን አይቷል።»

«ምን አለ?»

«አፌ ተሰፍቷል አለኝ። የእሱስ አፍ አያሳስበኝም።» ከዚያ ድስቱን በአሸዋ እየፈተገች ቆየችና፣ «እኔ የሚጨንቀኝ ልጁ ነው» አለች።

እኔ ልጁ፣ የሰማሁትን በራሴ ልክ ቆርጬ ሰፋሁት። አባቴ ከለቀማው በኋላ ሊያገባት ጠይቋታል፤ እሷ ደግሞ ፓንታሌዮንን በጎን ይዛለች፤ የሚያስጨንቃት እንጀራ ልጅ መያዙ ነው። ፓንታሌዮን ዘወትር ማታ ማታ ከምድጃው ወርዶ ጓዳዋ ደጃፍ ይቀመጥ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ረጅም፣ ፊቱ በጭስ የጠቆረ፣ ቃል የማይበዛው ሰው ነው። ለእኔ አንድ ጊዜ ከእንጨት ፈረስ ቀርጾልኛል። ከዚያ በኋላ ፈረሱን እሳት ውስጥ ጣልኩት።

በማግሥቱ እሁድ ነበር። ወደ ካቦው ቤት ሄድኩ።

ዶን ኤርሚንዶ በረንዳው ላይ እግሩን ሰቅሎ ለብቻው ማቴ ይጠጣ ነበር፣ በብር መምጠጫ። ልጆች ወደዚያ ግቢ አንጠጋም ነበር። ውሻው ጮኸብኝ፣ ዝም በል አለውና አስገባኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህንንም መናገር አለብኝ።

«ይሄ ጆንያ የሞላው ጎረምሳ አይደለም እንዴ?» አለ። «ማቴ ጠጣህ ታዲያ?»

«አልሰጠችኝም» አልኩት። «ዴኦሊንዳ ከለከለችኝ። ከቡችሎቹ ጋር ላስ አለችኝ።»

ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሴት ቀጂ ስትሆን ንጉሥ ትሆናለች አለና ቅሉን ሞልቶ፣ እንግዲያው ከእኔ ጠጣ ብሎ ዘረጋልኝ። ቅሉ በቆዳ የተሰፋ፣ አፉ በብር የተለበጠ ነበር። እጄን ሰደድኩ። ግን ክሴን አልጨረስኩም ነበር፣ አፌም አልቆመም።

«አባቴንም ትንቀዋለች፣ ዶን ኤርሚንዶ። እሱ ከጠጣ በኋላ መምጠጫውን እሳት ውስጥ ትከተዋለች። ሌሎቹ ሲጠጡ አታደርገውም። እርስዎ ይቆጧት።»

እጁ አየር ላይ ቆመ።

«ከአባትህ በኋላ ብቻ?»

«አዎ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። እኔ አያታለሁ።»

«አባትህ ያስለዋል?»

«ጭስ ነው» አልኩት። «ሁሉም ያስለዋል።»

ቅሉን ወደ ራሱ መለሰው። ትንሽ አየኝ፤ አፌን ነበር የሚያየው። ከዚያ ማቴውን በበረንዳው ጠርዝ ላይ ሣሩ ውስጥ ደፋው። በለሰለሰ ድምፅ፣ ደግ አደረግህ፣ ወደ ቤትህ ሂድ፣ ነገሩን እኔ አስተካክለዋለሁ አለኝ። ስለ እኔ የተናደደ መሰለኝ። ተናዶ ማቴው ያስጠላው መሰለኝ። በቀይ አፈሩ መንገድ ላይ እየዘለልኩ ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አባቴን የጠቀምኩ መስሎኝ አያውቅም።

ሰኞ ማለዳ ካቦው ወደ እሳቱ መጣ። እኔ እንጨት ክምሩ ጀርባ ነበርኩ፤ ዴኦሊንዳ ስትዋረድ ለማየት ቀድሜ ተነስቼ ነው። ቅሉ ገና እየዞረ ነበር። ካቦው አልተቀመጠም። ሰላምታም አልሰጠ።

«ሲንፎሪያኖ፣ ተነስ» አለ።

አባቴ ተነሳ።

«ሻሽህን አሳየኝ።»

አባቴ ቀዩን ሻሽ ከኪሱ አወጣ። አልዘረጋውም፤ ጨብጦ ያዘው። ከክቡ አንዱ የአፉን ዙሪያ በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሌላው ተነስቶ ራቅ ብሎ ቆመ። ዶን ሊሳንድሮ ቅሉን ከዴኦሊንዳ እጅ ቀማና እሳቱ መሐል ወረወረው። ቅሉ ጢስ ጢስ አለና ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፤ የእርጥብ ዬርባ መራራ ሽታ ሰፈሩን ሞላው።

እኔ ደስ አለኝ። እንዲህ ነው፣ ቅሏን አቃጠሉባት ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ማንም አላየውም፤ እኔ ግን እዚያ ስለነበርኩ አውቀዋለሁ።

«ልጆች አሉኝ እኮ አንቺ ሴትዮ» አላት አንዱ ለቃሚ። እሱም እውነቱን ነው።

«ከእሱ በኋላ ሳላቃጥለው አንድም ቀን አላጠጣሁህም» አለችው። «ከሁሉ ኋላ የተቀመጠውም ለእናንተ ብሎ ነው።»

ማንም አልሰማትም። ካቦው አባቴን መቀሱንና አንሶላውን እንዲያስቀምጥ አዘዘው። ካሚዮን ላይ መውጣት አይቻልም፣ በእግር ነው የምትሄደው፣ ልጁንም ይዘህ አለ። ዴኦሊንዳንም፣ አውቀሽ የደበቅሽ አንቺ ነሽ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ አላት። ልጁንም ይዘህ ሲል ነው ልጁ እኔ መሆኔ የገባኝ። ደስታዬ እዚያው ደረቴ ውስጥ ደረቀ። ምን እንደተደረገ አልገባኝም፤ ያደረግሁት እኔ መሆኔ ግን ገባኝ።

ዴኦሊንዳ እኔን አላየችም፣ ካቦውንም አላየችም። ወደ ፓንታሌዮን ዞረች።

«አንተ ነህ» አለችው።

«እኔ አይደለሁም፣ ዴኦሊንዳ።»

«ከእኔና ከአንተ በቀር ማን ያውቃል?»

ፓንታሌዮን አፉን ከፈተ። ዓይኑ እንጨት ክምሩ ላይ አረፈ። አይቶኝ ይሁን፣ ወይ ዝም ብሎ ዓይኑ የሄደበት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። አፉን መልሶ ዘጋው። እሷ ሽርጧን ፈታች፣ እግሩ ስር ጣለችውና ወደ ጓዳዋ ገባች።

እኔና አባቴ መንገድ ጀመርን። የዕቃችንን ጥቅልል እሱ ተሸከመ፣ ምንም አላሸከመኝም። ቅጠል የጫኑ ካሚዮኖች እያለፉን ይሄዳሉ፤ ሹፌሮቹ የሚያውቁን ናቸው፣ መስኮታቸውን ዘግተው አለፉ። አባቴ በየዳገቱ እየቆመ ያስላል፣ ሻሹን አፉ ላይ ይዞ ከእኔ ዞር ይላል። አንድ ቦታ ላይ የመንገድ ጠርዝ ተደግፎ ተቀመጠና ለራሱ እንደሚያወራ ሆኖ ተናገረ። ፓንታሌዮን እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይመስለኝም ነበር አለ። የሰው ነገር እንግዲህ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ እንደ ድመት በየቦታው ነህ። ያየኸው ነገር አለ?»

እንግዲህ ያኔ ልናገር እችል ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ አባቴ መትቶኝ አያውቅም። ፊቱ ግን በጣም ነጥቶ ነበር።

«እሁድ ወደ ካቦው ቤት ሲሄድ አይቼዋለሁ» አልኩት።

«ፓንታሌዮንን?»

«አዎ።»

«በዓይንህ?»

«በዓይኔ።»

ራሱን ነቀነቀ። ይሁን አለ። ተነስተን ሄድን።

አባቴ ፖሳዳስ ከተማ ሆስፒታል ገባና መስከረምን ሳያይ ሞተ። እኔን የእሱ አክስት ወሰደችኝ። ቤቷ ውስጥ ሳህኔ ለብቻው፣ ማንኪያዬ ለብቻው ነበር፤ የታመመ ሰው ልጅ ነውና ልጆቿ አይጠጉኝም። ማቴ ሲዞር ተራዬ አልነበረም። ይህንንም በዴኦሊንዳ ላይ ጻፍኩት። ሳድግ የማውቀው ሥራ ቅጠል መልቀም ስለሆነ ቅጠል ለቀምኩ። በሄድኩበት ሰፈር ሁሉ፣ ሰዎች የበደላቸውን ሰው ሲያነሱ እኔም የክርስትና እናቴን አነሳለሁ። ስድቡን እናገራለሁ፣ ውርጩን እናገራለሁ፣ የዘረጋሁትን ሁለት እጅ እናገራለሁ። የሚሰማኝ ሁሉ ያዝንልኛል። ታሪኩን ሁልጊዜ የማቆመው ከቡችሎቹ ጋር ላስ የሚለው ላይ ነው። ያቺ የጤና ሠራተኛ ከመጣች በኋላም እዚያው ላይ ነበር የማቆመው።

ዓምና ከፋሲካ በኋላ ዴኦሊንዳ መልእክት ላከችብኝ። ፓራና ወንዝ ዳር፣ ከፖሳዳስ ወጣ ብሎ ትኖራለች፣ ሳልሞት ይምጣልኝ ብላለች አሉኝ። ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ሄድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ የምነግራትን አዘጋጀሁ። ልትጠብቂኝ ብለሽ እንደነበር አውቄያለሁ፤ ግን ሌላ ቃል አጥተሽ ነው? የሞተች እናቴን ጡት ከማንሳት ሌላ ቃል በአፍሽ አልነበረም? ይህን ልላት ነው። ይቅርታ ሳትጠይቀኝ ከወንበሬ አልነሳም ብዬ ነበር።

ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ትንሽ ሆናለች። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል። ከእግሬ ድምፅ አወቀችኝ፤ እንደ አባትህ እግርህን ትጎትታለህ አለችኝ። አጠገቧ ባለው ወንበር አስቀመጠችኝ፣ ፊቴን በጣቶቿ ዳሰሰች። ሚስት እንዳለኝ ጠየቀች፣ ሄዳለች አልኳት። ስለ አባቴ መቃብር ጠየቀች።

እኔ ንግግሬን ልጀምር ስል እሷ ቀደመችኝ።

«ያን ቀን የሰደብኩህን አልረሳሁትም» አለች። «የሳን ሁዋን ማግሥት። ሁለት እጅህን ዘርግተህ ነበር። ከእሱ ቀጥለህ ባትጠጣ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ምክንያት ማቅረብ አልችልም፤ የሚያስቅና የሚያስከፋ ቃል ፈለግኩ፣ ያ መጣልኝ። ሁለተኛ ወደ ክቡ እንዳትመጣ ልብህን መስበር ነበረብኝ። እናትህን ግን ማንሳት አልነበረብኝም። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ያን ያህል ዓመት የተሸከምኩትን በአንድ ትንፋሽ ወሰደችብኝ። ከዚያ በኋላ የምይዘው አልነበረኝም። ቀስ ብላ ቀጠለች። ሐሳባቸው መስከረም ላይ ለቀማው ሲያልቅ አባቴ ሆስፒታል ሊገባ፣ እሷ እኔን ልትወስደኝ ኖሯል፤ ከፓንታሌዮን ጋር ሊጋቡ፣ እንደ ልጃቸው ሊያሳድጉኝ። አልጋዬን ፓንታሌዮን ከዝግባ ሠርቶ ጨርሶት ነበር አለች። ሌላ ወንድ አላገባችም። እሱም አላገባም። በየዓመቱ የሳን ሁዋን ዕለት እየመጣ አጥሯ ላይ ይቆም ነበር፤ እሷ በሩን አትከፍትለትም።

«በፋሲካ ሳምንት ቀበሩት» አለች። «ከመሞቱ በፊት ቄሱን ላከብኝ። እኔ አልነበርኩም፣ ሌላ የምለው የለኝም ብሏል። የሚሞት ሰው ይዋሻል?»

ወንበሯን ወደ እኔ ጠጋ አደረገች።

«እኔ ግን በአባትህ ቃል ነው በሩን የዘጋሁት። ከሆስፒታል ልኮብኝ ነበር፣ ልጁ ወደ ካቦው ቤት ሲሄድ በዓይኑ አይቶታል ብሎ። በአንተ ምስክርነት ነው የፈረድኩበት። ሕፃን አይዋሽም አልኩ።» ሞራ የለበሰ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። «አሁን ንገረኝ፣ ኒካሲዮ። አልቆጣህም። ልሞት ነው፣ ሰውየውም ሞቷል። በእርግጥ አይተኸዋል?»

ወንዙ ላይ አሸዋ የጫነ ጀልባ ያልፍ ነበር። እሱ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። ከዚያ ባርኔጣዬን ከጉልበቴ ላይ አነሳሁ። ወንበሩ እንዳይንቋቋ በእጄ ደግፌ ተነሳሁ። ግቢው አሸዋ ነው፣ ድምፅ የለውም፤ እግሬን እንዳልጎትት አነሳ አነሳ እያደረግሁ አጥሩ ጋ ደረስኩ።

«አትቸኩል» ስትል ሰማኋት፣ ለባዶው ወንበር። «ዘመን ሆኖታል። ቀስ ብለህ አስታውስ፤ እጠብቅሃለሁ።»

በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።